የማልፈርምበት ርክክብ

ማክሰኞ፣ ቀን 11፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ከካምፓችሁ በር፣ ከእንግዳ ማቆያው ክፍል

ለልጄ፣ ለአለቃዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሰነበትሽ ለማወቅ ነው አሥራ ስምንት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የመጣሁት። እኔም «ደህና ነኝ፣ ሐሳብ አይግባሽ» አልልሽም፤ ደህና አይደለሁም፣ ሐሳብም ይግባሽ። በእኛ ቤት «ደህና» በሚለው ቃል ስንት ነገር ሲሸፈን እንደኖረ ዛሬ እነግርሻለሁ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ጥበቃው፣ ያ ሽበታሙ አሥር አለቃ፣ ምንም ሳይቀንስ ነው ያደረሰልኝ። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ወደ ቤቱ ይመለስ ብላለች» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና «አባቴ፣ እኔ የተባልኩትን ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አልመለስም። ጎብኚ የሚሞላውን ቅጽ አንድ እፍኝ ሰጥቶኝ በጀርባው እየጻፍኩልሽ ነው። ገልበጥ ስታደርጊው «የመጡበት ምክንያት» የሚል ጥያቄ ታገኛለሽ፤ እሱን ባዶውን ትቼዋለሁ፣ ቦታው አንድ መስመር ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ተረኛ ሲቀየር ደብዳቤውን በእጁ ሊያደርስልኝ ቃል ገብቷል። እስከዚያ ሦስት ሰዓት አለኝ፣ እኔ ደግሞ እንደምታውቂው ብዕር ስይዝ እጄ የሚያልበኝ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ከእኔ ስሚው። ትናንት መሣሪያሽን መልሺ፣ ከጥበቃ ተራም ወጥተሻል የተባልሽው የማንም ተንኮል አይደለም፤ እኔ ነኝ። ለሻለቃው ደውዬ የፈራሁትን በግልጽ ነገርኩት። ዛሬም ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ክሊኒካችሁ እንዲያደርሱኝ ለምኜ ለነርሷ ሁሉንም ዘርዝሬላታለሁ። ሥራ በዝቶብኛል ያልሽው ከትናንት ጀምሮ ከአልጋሽ ሳትወርጂ እንደሆነም ከእሷ ሰምቻለሁ። አሁን በርሽ ላይ ወንበር አውጥታ ጋዜጣ የምታነብ የምትመስለው እሷ ናት። ጋዜጣውን እያነበበች አይደለም። ብቻሽን እንዳትሆኚ እኔ ለምኛት ነው። ተቆጪኝ። በጓዶቼ ፊት አዋረድከኝ በዪኝ፤ ከፈለግሽ ዓመት ሙሉ አታናግሪኝ። የተቆጣች ልጅ ትኑረኝ ብዬ፣ አስቤበት ነው ያደረግሁት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቅዳሜ ዕለት ያቺ ፈቃድ የወጣች ጓደኛሽ ካርቶንሽን ይዛ መጣች። እናትሽ እህቷ ጋ ሄዳ ነበርና ቤት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ስከፍተው ከላይ ዝርዝር አለ፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ሁኔታ። የእጅ ሰዓት፣ አንድ፣ የሚሠራ። ብርድ ልብስ፣ አንድ፣ የታጠበ። መፍቻ፣ አሥራ ሦስት፣ አንዱ የጎደለ። ጃኬት፣ አንድ፣ ለእናቴ። የምስክር ወረቀትሽ፣ አልበሙ፣ በመጨረሻም ትንሿ ሬዲዮ። ሰባት ተራ። ከታች «አስረካቢ» በሚለው ላይ ፈርመሻል፤ «ተረካቢ» የሚለው ባዶ ነው።

ታዲያ ሞኙ አባትሽ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ኮራ! ደረቱን ነፋ! ዕድሜውን በወታደር ጋራዥ የጨረሰ ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ርክክብ ሲያይ ሌላ ነገር አይታየውም። ወረቀቱን ይዤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋ ሮጥኩ። «አየህ የወታደር ልጅ? ካርቶን እንኳ ያለ ሰነድ አትልክም!» አልኩት። እሱም መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበና አደነቀ። መጥቼ መስተዋቱ ጥግ ላይ ሰካሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ጢሜን ስላጭ እያየሁት ተደሰትኩ።

ሰኞ ጠዋት እናትሽ ገባች። እናትሽ ስንት ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሠራች ታውቂያለሽ፤ ሰነድ ስታነብ እንደ እኛ ከላይ አትጀምርም፣ ከፊርማው ነው የምትጀምረው። ጫማዋን ሳታወልቅ አነበበችው። ካርቶኑን ከፈተች፣ ሬዲዮዋን አወጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሬዲዮዋን ላከች?» አለችኝ። «ሬዲዮ ካልተከፈተ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ?»

«አዲስ ገዝታ ይሆናላ» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ይሄን ወረቀት ከዚህ በፊት አይተኸዋል እኮ። ራስህ ነህ የጻፍከው።»

ይህን ወረቀት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ማንበብ የነበረበት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን መስተዋት ላይ ሰክቼ ለጎረቤት አሳየሁት። ወዲያው ደወልንልሽ። ሁለት ጊዜ አላነሳሽም፤ በሦስተኛው «ደህና ነኝ» ብለሽ ዘጋሽው። እናትሽ ስልኩን እያየች «ሂድ» አለችኝ። እሷ ምናልባት ብትደውዪ ብላ ቤት ቀርታለች፤ አሁን ይህን በምታነቢበት ሰዓት ከስልኩ አጠገብ አትነሳም፣ ሽንት ቤት እንኳ ይዛው ነው የምትሄደው።

እናትሽ «ራስህ ነህ የጻፍከው» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አታውቂም። እንዳታውቂ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተባብረን ዋሽተንሻል። አሥራ አራት ዓመትሽ ሳለ በኩላሊት በሽታ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል መተኛቴን ታስታውሻለሽ? ኩላሊቴ ምንም ሆኖ አያውቅም። ይኸው እስከ ዛሬ በደወልሽ ቁጥር «አባዬ፣ ውሃ ጠጣህ?» ትዪኛለሽ፤ እኔም ውሸቴ እንዳይታወቅ ሦስት ሊትር እየጠጣሁ ስመላለስ እውላለሁ። የታመምኩት ሌላ ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በሰባተኛው ወር ነው። ከመውጣቴ በፊት ፍሬኑን አይቼ፣ ብቁ ነው ብዬ ፈርሜ ያስወጣሁት አንድ መኪና ቁልቁለት ላይ አልያዝ ብሎ ገደል ገባ። አራት ወታደር ልጆች ነበሩበት፤ አንዱም አልተረፈም። አጣሪዎቹ የመካኒኩ ጥፋት አይደለም ብለው ጻፉ፤ ወረቀቱ አሁንም ሣጥን ውስጥ አለ። እኔ ግን ወረቀቱን አላመንኩትም። ሥራ ላይ እያለሁ ችዬው ነበር፤ በጡረታ ቤት ስቀመጥ ቀኑ ረዘመብኝ። አንቺና እናትሽ ስትስቁ ድምፁ ከሌላ ቤት የሚመጣ ይመስለኝ ጀመር። ማንም ቢጠይቀኝ «ደህና ነኝ» ነበር መልሴ። ወታደር ነኛ፣ ሌላ ምን ልበል?

አንድ ሰኞ ዕለት ልሞት ወሰንኩ። ይኸው ጻፍኩት፤ በሕይወቴ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

የሚገርምሽ፣ ከወሰንኩ በኋላ ቀለለኝ። ፊቴ ፈካ፣ መብላት ጀመርኩ፣ እናትሽን አሳቅኋት። ቤቱ ሁሉ «ተመስገን፣ ተሻለው» አለ። እኔ ግን ምድቡን የሚለቅ ወታደር የሚያደርገውን ነበር የማደርገው። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠገንኩ። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ። ቁልፎቹን በክር በክር አስሬ የየትኛው በር እንደሆኑ ጻፍኩባቸው። ያንን የመፍቻ ስብስብ ለአንቺ የሰጠሁሽም በዚያ ሳምንት ነው። አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ «ከዛሬ ጀምሮ የጋራዡ አለቃ እኔ ነኝ!» አልሽ፤ አለቃዬ የሚለው ስም የወጣልሽ ያን ቀን ነው። ደስታሽን እያየሁ እንኳ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ስለማልወድሽ አልነበረም። ያ ሐሳብ ሰው ውስጥ ሲገባ፣ የምትወጃቸው ሰዎች ያለ አንቺ እንደሚሻላቸው ማስረጃ እየደረደረ ያሳምንሻል። ውሸታም ነው፣ ልጄ። እኔን ያህል ደረቅ ሰው አሳምኖ ነበር፣ አንቺን ደግሞ ደክመሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ ነው ያገኘሽ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤቱን ዕቃና የሰነዶቹን ዝርዝር በሁለት ኮፒ አዘጋጅቼ ለእናትሽ አቀረብኩላት። የምቀልድ መስዬ «የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ተረክበሽ ፈርሚልኝ» አልኳት። ድንች እየላጠች ነበር። እጇን በፎጣ ጠረገችና ወረቀቱን ተቀበለች፤ ከፊርማው ጀመረች።

«የት ተዛወርክ?» አለችኝ።

«የትም።»

«የትም የማይሄድ ሰው ርክክብ አያደርግም።»

ወረቀቱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«ራስህን ልትገድል ነው?»

እንዲሁ ነው ያለችኝ፤ ሳታለሳልስ፣ ሳትንተባተብ፣ ስንት ጥንድ ካልሲ ቀርቷል ብላ እንደምትጠይቅ። ተቆጣሁ። ምን ቆርጦሽ ነው ባልሽን እንዲህ የምትዪው ብዬ ጮህኩ። ከወንበሯ አልተነሳችም። ጩኸቴ ሲያልቅ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በስሙ ጠርተው ከጠየቁ ያባብሱታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ እስከ ሆዴ ወረደ። «አዎ» አልኳት።

እናትሽ አላለቀሰችም። ኋላ አንድ ወር አልቅሳለች፣ ያ ሌላ ነው። ወረቀቱን እጄ ላይ መልሳ «አልፈርምም» አለች። «ተረካቢ ካልፈረመ አስረካቢ ከኃላፊነቱ አይወርድም። ስንት ዓመት የሠራሁበት ሕግ ነው፣ ላንተ ብዬ አላፈርሰውም። ቤቱም፣ እኔም፣ ልጅቷም ገና በስምህ ነን።» ከዚያ ለአጎትሽ ደውላ ቤት የነበረውን መሣሪያዬን መጥቶ እንዲወስድ አደረገች። እኔን አንዱ እግሩ ሰማያዊ፣ ሌላው ቡኒ በሆነ ነጠላ ጫማ እንደቆምኩ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ። ደህና ጫማ ላድርግ ብላት «ስትመለስ ታደርጋለህ» አለችኝ። ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ በዚያ ጫማ ሐኪም ፊት ቀረበ። ሐኪሙም ያንኑ ነገር በግልጽ ጠየቀኝ፤ ሁለተኛው «አዎ» ከመጀመሪያው ቀለለኝ። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ምን እንበላት ሲባባሉ «ኩላሊቱን ነው እንበላት» ያለው አጎትሽ ነው።

በሦስት ሳምንት ዳንኩ ብዬ አልዋሽሽም። መድኃኒቱ አፌን አደረቀው፣ ሐኪሙን ሁለቴ ተጣልቼው ተመለስኩ። ሐሙስ ሐሙስ ካርታ ልጫወት የምሄድ ይመስልሻል፤ ካርታ አልችልም። ሰባት የቀድሞ ወታደሮች በአንዲት ጠባብ ክፍል ክብ ሠርተን ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ ስሄድ ጫማዬን እያየሁ ሁለት ወር ዝም ብዬ ነበር። ሐሳቡ አንዳንድ ዓመት ብቅ ይላል። ሲመጣ ከእነሱ ለአንዱ እደውላለሁ፤ «መጥቷል» እላለሁ፣ እሱም «የት ነህ፣ እንዳትንቀሳቀስ» ይለኛል። መጥቶ ስለ እግር ኳስ ይጨቀጭቀኛል። ያልፋል። እንደሚያልፍ ያን ሐሙስ ማንም ቢምልልኝ አላምነውም ነበር።

በአሥራ አንድ ዓመት ያተረፍኩትን ልንገርሽ? የመንጃ ፈቃድሽን ያወጣሽ ቀን ጋቢና ውስጥ አጠገብሽ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ዋልኩ፤ ወለሉን ልበሳው ነበር። እናትሽ ስታረጅ አየሁ፣ ታምራለች። ከልብስ ሰፊው ጋር ስምንት ጊዜ ተጣልቼ ዘጠኝ ጊዜ ታረቅሁ፤ አንዱን እርቅ አስቀድመን ነው ያደረግነው። ይህ ሁሉ ያን ጊዜ በዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም፣ ገና አልመጣማ።

አሁን ስለ ረጅሙ ጓድሽ። ትናንት ከመሳፈሬ በፊት ከጓደኛሽ አውጣጥቻለሁ፣ እሷንም እንዳትቀየሚ፣ አልቅሳ ነው የነገረችኝ። ትኩሳት ይዞሽ ስምሪት ክፍል ሄደሽ መንዳት እንደማትችዪ አስመዘገብሽ፤ በአንቺ ፈንታ መሪውን እሱ ያዘ፤ ከኮንቮዩ ያልተመለሰው ያ መኪና ነው። አራት ወር ሆኖታል፣ ለእኛ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ጥፋትሽ አይደለም ብዬ አልደክምም፤ ለእኔም አርባ ጊዜ ተብሎልኝ ጆሮዬን አልፎ አልገባም። የሙያ ጥያቄ ግን ልጠይቅሽ። በትኩሳት የምትንቀጠቀጥ አሽከርካሪ ሰው ጭኜ መሪ ልያዝ ብትልሽ ትፈቅጂላታለሽ? ክንዷን ይዘሽ ከጋቢናው ታወርጃታለሽ እንጂ! ታዲያ ራስሽን በሥርዓቱ ስላወረድሽ አራት ወር የምትቀጪው ለምንድን ነው? መልሱን አሁን አልፈልግም። ከእኔ ጋር እየተጨቃጨቅሽ፣ ከነርሷ ጋር፣ ከእኔ ቢጤዎች ጋር፣ ዓመት ቢፈጅ ዓመት ትመልሺዋለሽ።

ጊዜው አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። አሁን በመስኮቱ ሁለት ሰዎች ወደ እናንተ ሕንፃ ሲሮጡ አየሁና ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። ወንበሩን ገልብጬ በሩ ላይ ደረስኩ፤ አሥር አለቃው ደረቴን በሁለት እጁ ያዘኝ። «አባቴ፣ የምግብ መኪና መጥቶ ነው! ሰልፍ ሊይዙ ነው የሚሮጡት!» አለኝ። አላመንኩትም። እያየሁት ስልክ ደውሎ ነርሷን አገናኘኝ፤ «እዚሁ ነኝ፣ በሩ ክፍት ነው፣ እያየኋት ነው» አለችኝ። ወንበሩን አንስቼ መልሼ ተቀመጥኩ። አሥር አለቃው ሻይ አመጣልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «የእኔም ወንድም እንዲህ ሆኖ ነበር» አለኝ። «ጠይቄው አላውቅም። ብጠይቀው የሚቆጣ መስሎኝ።» ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ።

እነሆ እኔም የምፈራውን ልናዘዝ። ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ ከግንብ ወድቀሽ ክንድሽ ሲሰበር ጥርስሽን ነክሰሽ ዝም አልሽ። እኔ በአገኘሁት ሰው ፊት ሁሉ «እንባ ጠብ አላደረገችም! ወታደር ናት!» እያልኩ ስንት ዓመት አወራሁ። ሕመምን መዋጥ የሚያስመሰግን ነገር እንደሆነ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ሐኪም ፊት ቁጭ ብዬ ማልቀሴን ደግሞ ደበቅሁሽ። የመጀመሪያውን አሳይቼ ሁለተኛውን ስለደበቅሁ፣ አንቺ ዛሬ ሕመምሽን ውጠሽ ተኛሽ። ኩላሊት ከምል ያኔ እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ይህ ካርቶን ከመምጣቱ በፊት «አባዬ፣ እኔም መጣብኝ» ትዪኝ ነበር። ይቅር በይኝ። ይህን በደብዳቤ ማለት ነውር ነው፣ ፊትሽን እያየሁ እደግመዋለሁ።

ዝርዝርሽ የደረት ኪሴ ውስጥ ነው። አልፈረምኩበትም። እናትሽም አትፈርምም፣ ገና ሳልጠይቃት ነው እስክሪብቶዎቹን ከቤት የሰበሰበችው። አንቺ ሰባት ዕቃ የላክሽ ይመስልሻል። ከሰባቱ ጋር ያልጻፍሽው ስምንተኛ አለ፣ እሱም አሁን አንቺ የተሸከምሽው ነው፤ ብትሄጂ የትም አይጠፋም፣ በሙሉ ክብደቱ ወደ እኔና ወደ እናትሽ ይዛወራል። የአራቱን ልጆች እናቶች በዓይኔ ስላየሁ አውቀዋለሁ። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ ያለ እኔ ይሻላቸዋል የሚልሽን ውሸታም ፊት ለፊት ልዋጋው ብዬ ነው። አይሻለንም። አንድ ቀን እንኳ አይሻለንም።

ከዛሬ ምን እንደሚሆን ተነጋግረናል፣ እንዳይከብድሽ ሁሉንም አልዘረዝርም። ነርሷ ካንቺ ጋር ሐኪም ጋ ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ሻለቃው ሰው ነው፤ የሕክምና ፈቃዱን ይፈርማል፣ ማዕረግሽም የትም አይሄድም። ቢሄድስ? እኔ ልጅ ነው የምፈልገው፣ ማዕረግ ሞልቶኛል፣ የራሴንም የሚጠይቀኝ የለም። ዛሬ ስለ ሕይወትሽ መወሰን አይጠበቅብሽም። ዛሬ ከእኔ ጋር ምሳ መብላት ብቻ ነው ያለብሽ፣ ካልፈለግሽ ሳንነጋገር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። እናትሽ በአንድ ትንፋሽ የጠየቀችውን እኔ ይህን ሁሉ ገጽ ዞርኩበት፤ ሰነፍ ሹፌር ነኝ። እንግዲህ ልጠይቅሽ። ልጄ፣ ራስሽን ልትገድዪ አስበሻል?

አዎ ብትዪኝ አልሸሽም፣ አልቆጣም፣ ለማንም አላወራም፣ ለሚረዱሽ ካልሆነ። አይደለም ብትዪኝ ደግሞ ዓይንሽን እያየሁ ልስማው። ጮክ ብሎ መናገር ካቃተሽ ለነርሷ እጇን ያዥያት፣ ይገባታል።

ነገን፣ ከነገ ወዲያንም የሚያሳይ አምላክ አጠገብሽ ይቀመጥ። እንቅልፍ ይስጥሽ። ብቻሽን አይተውሽ።

የሚወድሽ፣ ዛሬ ትናንት ከሚወድሽ በላይ የሚወድሽ

አባትሽ

ደግሞም፦ አሥር አለቃው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ በችኮላ ነው። ይህን ከሁሉም በፊት፣ ከመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ አሁን ደግሞ ቅጹ አልቋል። ለመምጣት ደብዳቤውን አንብቦ መጨረስ አያስፈልግም። የቀረውን በአፌ እነግርሻለሁ። ነይ።